ማኅበር ላቋቁም ሲል የተባረረ ሠራተኛ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን አንድ የፋብሪካ ልጅ የስንብት ደብዳቤውን አሳየኝ። «ከሥራ በመቅረት» ይላል። እሱ ግን የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ፊርማ ሲያሰባስብ ነበር የከረመው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በማኅበር አባልነቱ ወይም በማኅበሩ ሕጋዊ እንቅስቃሴ በመሳተፉ ምክንያት ሰውን ማባረር ሕገ ወጥ ነው። በዚህ የተባረረ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይወሰንለታል።

ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ግን የትኛው አሠሪ ነው «በማኅበር ምክንያት» ብሎ የሚጽፈው? ስለዚህ ጠቡ ማስረጃ ላይ ነው፦ የፊርማው ወረቀትና ቀኑ፣ የመግቢያ ሰዓት መዝገብ፣ አፉን የማይዝ ምስክር። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የባሰ የተጋለጠ ነው፤ ለሥራው አይመጥንም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሸኛል።

ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ልጁ ከተባረረ ሁለት ወር አልፎታል። ይህን ስነግረው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።