የአርጀንቲና «የትራንስ የሥራ ኮታ» ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ አርጀንቲና ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት የሥራ ቦታ ቢያንስ 1 ፐርሰንቱ ለትራንስ ሰዎች (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ ጾታ ለሚኖሩ) ይሁን ሚል ሕግ ነው። በ2021 ጁን ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሴኔቱ 55 ለ1 አጸደቀው፣ ስያሜው ላይም የሁለት አክቲቪስቶች ስም አለበት፣ ዲያና ሳካያን እና ሎሃና ቤርኪንስ። ሁለቱም ግን ሕጉ ሲወጣ በሕይወት አልነበሩም።

እኔ ማወራው ይበልጥ ስለ ሎሃና ነው፣ ምክንያቱም ያ ሕግ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ስታዩ እሷና ጓደኞቿ ያለፉበትን ነው ምታገኙት። በ1965 ሰሜን ጫፍ ላይ ሳልታ ክፍለ ሀገር ተወለደች፣ ቦሊቪያ ድንበር አጠገብ። 13 ዓመቷ ላይ አባቷ ወይ ወንድ ሁን ወይ ቤቴን ልቀቅ አላት፣ ለቀቀች። ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ጎዳና ላይ በሴተኛ አዳሪነት ነው የኖረችው። ዋና ከተማው ቦነስ አይረስ ስትገባ ደግሞ ፖሊስ አለ፣ እስከ 1998 ድረስ እዛ ከተማ ፖሊስ በራሱ መመሪያ ዳኛ ጋ ሳያቀርብህ የተቃራኒ ጾታ ልብስ ለብሰሃል ብሎ ሊያስርህ ይችል ነበር።

እስቲ እንዲህ የኖረ ሰው ሥራ ሲያመለክት አስቡት። ትምህርቱን አቋርጧል፣ ፖሊስ ጋ ሪከርድ አለው፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ደግሞ ከፊቱ ጋር አይገጥምም። ሎሃና እራሷ አስተማሪ ልሁን ብላ ኮሌጅ ስትመዘገብ በወንድ ስምሽ ነው ምንጠራሽ ብለዋት እንባ ጠባቂ ድረስ ሄዳ ነው የተከራከረችው!

ሕጉ ታዲያ እነዚህን ነው ሚነካው። ትምህርት አልጨረሰም ተብሎ ሰው አይመለስም፣ ይቀጠርና እየሠራ ይጨርሳል። ከሥራው ጋር የማይገናኝ የድሮ ሪከርድ እንቅፋት አይሆንም። መታወቂያ ቀየረ አልቀየረ አይጠየቅም (መቀየር ራሱ ከ2012 ጀምሮ ያለ ዳኛና ያለ ሐኪም ወረቀት ተፈቅዷል፣ እዛም ትግል ውስጥ ሎሃና ነበረችበት)። የግል ድርጅቶች ግን አይገደዱም፣ ከቀጠሩ ለ12 ወር የታክስ ጥቅም ያገኛሉ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ለ24 ወር።

ኮታ ሲባል ዝም ብሎ ስጦታ ሚመስለው ሰው አለ። ሎሃና ግን መጀመሪያ ሥራውን ራሷ ለመፍጠር ሞክራለች። በ1994 ያቋቋመችው ማኅበር ለሕዝብ ጥቅም አይደለም ተብሎ ምዝገባ ሲከለከል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳው በ2006 አሸነፈች፣ ከዛ በ2008 ከቦነስ አይረስ ጎን ባለችው አቬላኔዳ ውስጥ ትራንስ ሴቶች ተምረው ሚሠሩበት የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተከፈተ፣ በናዲያ ኤቻሱ ስም፣ ቀድማቸው በሞተች የትግል ጓደኛቸው። አንድ የስፌት ማኅበር ግን ስንቱን ይቀጥራል? ለዛ ነው ወደ መንግሥት የዞሩት ብዬ ነው እኔ ምረዳው።

1 ፐርሰንት ሚለውን ቁጥር መጀመሪያ ሕግ ያስደረገችው ዲያና ናት፣ በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር፣ ሴፕቴምበር 2015። ወር ሳይሞላ ኦክቶበር ላይ ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ሎሃና ደግሞ በ2016 ፌብሩዋሪ በ50 ዓመቷ አረፈች። የክፍለ ሀገሩ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ ሚባለው እስከ 2019 መጨረሻ ስላልወጣለት ወረቀት ላይ ቀረ፣ በ2020 ፕሬዚዳንቱ ኮታውን በአዋጅ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አመጡት፣ በዓመቱ ሕግ ሆነ።

ተሳካ ወይ ካላችሁኝ፣ በከፊል። 1 ፐርሰንቱ ገና ሳይሞላ በ2023 ዲሴምበር አዲሱ ፕሬዚዳንት ሚሌ ሥልጣን ያዘ፣ የሴቶችና የጾታ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዘጋ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቅነሳም መጣ። በኮታው የገቡት ብዙዎቹ ቋሚ ሳይሆኑ ኮንትራታቸው በየጊዜው ሚታደስ ስለነበር ሲቀነስ እነሱም ውስጡ ነበሩ፣ ኮታው መግቢያውን እንጂ መቆያውን አልያዘላቸውም።