ዩታናዚያ ምንድን ነው? ሞርፊኑን ተዉልን

በቀደም እዚህ ጅማ በተደረገ የባለሙያዎች ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «የእኛ ጤና ባለሙያ ዩታናዚያን በአፉ ይቃወማል፤ በተግባር ግን ሞርፊን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ሲሰጥና የመተንፈሻ ማሽን ሲነቅል ይውላል» አሉ። ግማሹ አዳራሽ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምውል ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብዳል።

ዩታናዚያ ማለት ሐኪም በታማሚው ጥያቄ፣ ስቃዩ እንዲያበቃ፣ ሆን ብሎ በመድኃኒት ሕይወቱን ማጥፋት ነው። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግም ይህን ይመለከታል። መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ለታማሚው ማቀበል ራስን ለማጥፋት መርዳት ይባላል፤ የእኛ ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ይቀጣዋል። የወጋው ራሱ ሐኪሙ ከሆነ ጉዳዩ ነፍስ ግድያ ነው።

ማሽን ማላቀቅስ? ምስጥ የበላውን ቤት አስቡ። ግድግዳው ሲያዘም፣ ምሰሶው እስኪለወጥ ባላ እናስደግፋለን። መተንፈሻ ማሽን ባላ ነው፤ ሳንባው እስኪያገግም ፋታ ይሰጣል። ምሰሶዎቹ ሁሉ ዱቄት ሆነው ሲገኙ ባላው ቢነሳ፣ ቤቱን የጣለው ምስጡ ነው። ዩታናዚያ ግን ቤቱን በመጥረቢያ መጣል ነው። «ያው ሁለቱም ይወድቃል» ለሚሉኝ፦ ማሽን ያላቀቅኩት ታማሚ በራሱ መተንፈስ ቢቀጥል ደስ ይለኛል፤ አጋጥሞኝም ያውቃል። ለመግደል የወጋ ሐኪም ግን ታማሚው ቢተነፍስ መርፌውን ይደግማል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ትብሊሲ ላይ ዩታናዚያን አጥብቆ ሲቃወም፣ ታማሚው ያልፈለገውን ሕክምና መተውን ነውር አላለውም።

እርግጥ ምሰሶውን ማን መረመረው የሚለው ጥያቄ አለ። በቅጡ ሳይመረመሩ ባላ መንቀል ከባድ ጥፋት ነው። ቤተሰብ ገንዘብ አልቆበት ታማሚውን ፈርሞ ሲያወጣ ደግሞ ያ ድህነት ነው፤ በስሙ ይጠራ።

«ዩታናዚያን ትደግፋለህ?» የሚል መጠይቅ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ይህን ሳይለዩ ይጠይቃሉ። አንዷ ነርስ ማሽኑን አስባ «አዎ» ትላለች፤ ጓደኛዋ መርፌውን አስባ «አልደግፍም» ትላለች። ሁለቱ ቢነጋገሩ አቋማቸው አንድ ነው። ከዚያ የሚወጣው ፐርሰንት ስለ ባለሙያው አመለካከት ምን ይነግረናል?

ሞርፊን ባላም መጥረቢያም አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው የሚደረብ ጋቢ ነው። ከትንሽ ተጀምሮ፣ እንደ ሕመሙ እየተጨመረ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። (ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ግን ስለሚጠራቀም መጠኑ ይቀነሳል፣ ሰዓቱም ይራራቃል። የሆድ ማለስለሻም አብሮ ይታዘዝ፤ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።)

ከጌራ የመጡ፣ የማሕፀን በር ካንሰር የጸናባቸው እናት ነበሩ። ልጃቸው የሞርፊኑን ብልቃጥ በፌስታል ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ዶክተር፣ መግደያ ነው አሉኝ። እናቴን በእጄ አልገድልም» አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ጉልበታቸውን ሆዳቸው ላይ አጥፈው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። «እማማ፣ ልስጥዎት?» አልኳቸው፤ በዓይናቸው እሺ አሉኝ። ልጁ እያየ በስሪንጅ ለክቼ በአፋቸው ሰጠኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እግራቸውን ዘረጉ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» አሉት።