«እንደ ኪልኬኒ ድመቶች»

አየርላንዳውያንና እንግሊዞች፣ ሁለት ባላጋራዎች ተያይዘው ካላለቁ አንላቀቅም ሲሉ «እንደ ኪልኬኒ ድመቶች ተጣሉ» ይላሉ። አሸናፊ የማይገኝበት ጠብ ማለት ነው። በእኛ ተረት ድመት ብትመነኩስም አመሏን አትረሳም፤ የኪልኬኒዎቹ ግን ተበላልተው ጭራቸው ብቻ የቀረ ናቸው።

ኪልኬኒ በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ በኖር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስለ አባባሉ አመጣጥ በብዛት የሚወራው ይህ ነው፦ አየርላንዳውያን በ1798 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ባመፁበት ሰሞን በከተማዋ የሰፈሩ፣ ከጀርመን አገር ከሄሰን የመጡ ቅጥር ወታደሮች ሥራ ሲፈቱ ሁለት ድመቶችን ጭራ ለጭራ አስረው በገመድ ላይ ያንጠለጥሏቸዋል። ድመቶቹ ሲቧጨቁ መኮንኑ ጩኸቱን ሰምቶ ይመጣል። ይሄኔ አንዱ ወታደር ጎራዴውን መዝዞ ጭራዎቹን ቆረጠ፤ ድመቶቹም እግሬ አውጪኝ አሉ። «ይህ ምንድን ነው?» ቢል መኮንኑ፣ «ጌታዬ፣ ሁለት ድመቶች ተጣልተው ተበላሉ፤ የተረፈው ይኸው ነው» አሉት።

ጨዋታው ያስቃል፤ አባባሉ ከተለመደ በኋላ የተፈጠረለት ይመስለኛል እንጂ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ሌላው ማብራሪያ ነው። ኪልኬኒ ለዘመናት ሁለት ከተማ ነበረች፤ በኪልኬኒ ግንብ በኩል የእንግሊዞች ከተማ፣ በቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ዙሪያ የአየርላንዳውያን ከተማ። በመካከላቸው ያለችው ብሬጋ የምትባል ትንሽ ወንዝ ናት። እያንዳንዳቸው የራሳቸው አስተዳደር ስለነበራቸው በወሰን፣ በቀረጥና በሥልጣን ሲሟገቱ ኖሩ። ተካሰው ተካሰው ሁለቱም ደኽዩ ይባላል።

መለያየቱን ሕግም ያጸናው ነበር። በ1366 እ.ኤ.አ. እዚያው ኪልኬኒ የተሰበሰበው ፓርላማ፣ የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ልጅ ላየነል አየርላንድን በሚገዛበት ጊዜ፣ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ከአየርላንዳውያን እንዳይጋቡ፣ በአየርላንዳውያኑ ቋንቋም እንዳይናገሩ ደነገገ። እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ሃርሊንግንም ከለከለ። እንግዲህ በወታደሮቹ ወግም ሆነ በከተማዋ ታሪክ ጭራ ለጭራ ያሰረ ሌላ ሰው አለ፤ አባባሉ ግን የሚያላግጠው በድመቶቹ ላይ ነው።

የኪልኬኒ ሰዎች ስሙን አልተቀየሙትም። ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው የሃርሊንግ ቡድናቸው «ድመቶቹ» ሲባል ይኮራሉ። በዚያ በተከለከለው ጨዋታ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ 36 ጊዜ የመላው አየርላንድን ዋንጫ አንስተዋል፤ ይህን ያህል ያነሳ ሌላ አውራጃ የለም። በስታዲየም ውስጥ «ድመቶቹ መጡ» ከተባለ ወሬው ስለ መጠፋፋት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የማይለቅ ቡድን ገጥሟችኋል ማለት ነው።