ደቦ ምንድን ነው?

መንጋ ተሰብስቦ ሰው ሲደበድብ “የደቦ ፍርድ” ይባላል። ደቦ ግን ገበሬዎች ተጠራርተው የአንዱን ማሳ ባንድነት የሚሠሩበት ልማድ ነው። ሰምቼ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ቃል እንዲህ ነው፣ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ “የጎጃም ገበሬ ደቦ እያለ ቀኑን በጠላና በዘፈን ይጨርሳል፤ ይሄ መዝናኛ እንጂ ሥራ አይደለም” አለ። ይሄንንስ ማለፍ አቃተኝ።

ሥራና መዝናኛን በሰዓት የሚለየው የፋብሪካና የቢሮ ኑሮ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የቀረው የሠራተኛው ነው። ቢቸና ላይ ጤፉ የደረሰበት ገበሬ ደወል የለውም። ካለፈበት ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ይተኛል። ስለዚህ ባንድ ቀን ብዙ ማጭድ ይፈልጋል። ዘፈኑም ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱ ዜማውን ይከተላል፣ የደከመውም ተጎትቶ ይደርሳል። ሥራ ነው ጨዋታ? እዚያ ማሳ ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

“ደቦ ነጻ ጉልበት ነው፣ አይከፈልበትም” የሚሉም አሉ። ለነሱ እቁብን ላንሳ። የደቦ ወንድም ወንፈል፣ የቀን እቁብ ነው። ብር ሳይሆን ቀን ትጥላለህ። ዛሬ የኔን አጨድክ፣ ነገ ያንተን አጭዳለሁ። ዕጣ አይወጣም፤ ተራውን የሚሰጠው ማሳው ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይቀድማል። ዋስም አያስፈልግም፤ በልቶ የጠፋ ሰው ለከርሞ ብቻውን ያጭዳታል። ደቦ ግን ላላ ይላል። ቀን በቀን አይተሳሰቡም፤ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። እዚህ ላይ እቁቤ ማንከስ ይጀምራል። እቁብ ላይ ሁሉም እኩል ይጥላል፤ ደቦ ለመጥራት ግን ጓዳ ያስፈልጋል፣ ቤቱ ባዶ የሆነ ሰው አፉን ሞልቶ አይጠራም። (ደግሞ ሁለቱን ስሞች አንዱን ባንዱ የሚተኩ አካባቢዎች አሉ። እኔ እንዲህ ለይቼ ያስቀመጥኩት ለማስረዳት ነው።)

አስተያየት ሰጪው ያላየው ሌላ ነው። ጠላው ከሰማይ አይወርድም። ጌሾ ይወቀጣል፣ ጥንስስ ይጣላል፣ ብቅል ይፈጫል፣ አሻሮ ይቆላል፤ ይሄ ሁሉ ከደቦው ቀን ብዙ ቀን ቀድሞ ነው። እንጀራና ወጡን ገና አልቆጠርኩም። በወንዶቹ ዘንድ መዝናኛ የተባለው ጓዳ ውስጥ የሳምንት ሥራ ነው። እኛ የገጠሩን ኑሮ የምናጠና ሰዎችም ብዙ ጊዜ መስክ ላይ የቆመውን ወንድ ቆጥረን ነው የምንመለሰው።

አንድ ጊዜ ደብተሬን ይዤ አንድ አባወራን “ደቦዎ ላይ ስንት ሰው ነበር?” አልኳቸው። “ሃያ” አሉኝ። ጻፍኩ። ባለቤታቸው ከምጣዱ ቀና ብለው አዩኝ።

“እኛንስ የቱ ላይ ጣፍኸን?”