የኢነርጂ ብቃት፦ ከከሰሉ እስከ አምፖሉ የሚባክነው

የኢነርጂ ብቃት ማለት ያንኑ ብርሃን፣ ያንኑ ሙቀት ወይም ያንኑ ጉዞ ባነሰ ኃይል ማግኘት ነው። ከቁጠባ ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም። ቁጠባ መብራቱን ማጥፋት ነው፤ ብቃት ደግሞ መብራቱ እንደበራ የሚፈጀውን መቀነስ። ማንንም ጨለማ ውስጥ ሳያስቀምጥ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያባብሰውን ልቀት መቀነሱ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በስፋት መቃጠል ከመጀመራቸው በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ420 አልፏል። የሚያሳዝነው፣ ከተቃጠለው አብዛኛው ሥራ ላይ ሳይውል መባከኑ ነው። በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫን እንመልከት። ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ሲሶ ያህሉ ነው፤ ቀሪው በማቀዝቀዣ ውሃና በጭስ ማውጫ ይወጣል። በማስተላለፊያ መስመሩ ላይም ጥቂት ይጠፋል። የተረፈው ድሮ ወደምናውቀው ባለ ክር አምፖል ሲደርስ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ሲሆን ሌላው አምፖሉን ያግላል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከመቶ እጅ ከሰል ብርሃን የሆነው ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ነገሩን ከአምፖሉ ወደ ኋላ ብንቆጥረው ግን ተስፋ ይሰጣል፦ አምፖሉ ላይ የተረፈ አንድ እጅ ኃይል ማመንጫው ላይ ሦስት እጅ ያህል ከሰል ሳይቃጠል እንዲቀር ያደርጋል። ማሻሻያው ከተጠቃሚው በኩል ሲጀምር የበለጠ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ኤልኢዲ አምፖል የዚህ ምርጥ ማሳያ ነው። ቀይ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቢኖርም፣ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው ያስፈልግ ስለነበር ሠላሳ ዓመት ገደማ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ብዙዎች ተስፋ የቆረጡበትን ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ቁስ ይዘው ታገሉ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ተሳካላቸው። በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አምፖላቸው ለተመሳሳይ ብርሃን ከቀድሞው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ኃይል ይፈልጋል።

ከዓይን የራቀው ግን የበለጠ ይፈጃል። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የዓለም ኤሌክትሪክ የሚሄደው ፓምፕ፣ ማራገቢያና መጭመቂያ ለሚያንቀሳቅሱ ሞተሮች ነው። ብዙዎቹ ሙሉ ፍጥነታቸውን ይዘው እየሠሩ የውሃው ወይም የአየሩ መጠን በቫልቭ ይታፈናል፤ ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደመያዝ ነው። የማራገቢያ የኃይል ፍላጎት ከፍጥነቱ ኪዩብ (ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከራሱ ጋር ተባዝቶ) ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብቻ መቀነስ ፍጆታውን ግማሽ ያህል ያወርደዋል። ለዚህ የሚበቃው የፍጥነት መቆጣጠሪያ መግጠም ነው።

የሙቀት ፓምፕም እንዲሁ ሊታወቅ ይገባዋል። ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ያለውን ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል እንጂ። በዚህም በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት እጅ ሙቀት ይሰጣል። የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀው በዚሁ አሠራር ነው። ቤቱ ራሱ ሙቀት እንዳያስወጣ በደንብ ከተሸፈነ ደግሞ ማሞቂያው ብዙም አይደክምም፤ በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት የተጠናቀቁት የመጀመሪያዎቹ «ፓሲቭ ቤቶች» ይህን አሳይተዋል።

ፈጠራ ብቻውን ገበያውን አይለውጥም፤ ደንብ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በ1970ዎቹ ለፍሪጅ የፍጆታ ጣሪያ ስታወጣ ፊዚክሰኛው አርተር ሮዘንፌልድ ከሐሳቡ ዋና አራማጆች አንዱ ነበር። የፌዴራል ደንብም ተከተለ። አዲስ የአሜሪካ ፍሪጅ ዛሬ የሚፈጀው በዚያ ዘመን ከነበረው ሩብ ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን አልቀነሰም። የጃፓን «ቶፕ ራነር» ደንብ ደግሞ በገበያ ላይ ካሉት ዕቃዎች ምርጡን መነሻ አድርጎ ሌሎቹ አምራቾች በተወሰነ ዓመት እንዲደርሱበት ያስገድዳል። ብልህ አካሄድ ይመስለኛል፤ ሊደረስበት የሚችል መሆኑ አስቀድሞ የታየ ግብ ነውና።

ተቃውሞም አለ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስታንሊ ጄቨንስ በ1865 የእንፋሎት ሞተር ሲሻሻል የከሰል ፍጆታ እንደጨመረ ጠቁሞ ነበር። የረከሰ ነገር ይበዛልና እውነትነት አለው። ይሁንና ቤቱ በኤልኢዲ ስለበራ አምፖሎቹን አራት እጥፍ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ከትርፉ የተወሰነው ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ከዚህ የሚከፋው የአከራይና የተከራይ ነገር ነው፦ ማሻሻያውን የሚገዛው አንዱ፣ የመብራት ሒሳብ የሚቀልለት ሌላው።

በ2023 ዱባይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ120 በላይ አገሮች ዓመታዊውን የብቃት ዕድገት ከ2 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ በላይ ለማድረስ፣ እስከ 2030ም በዚያው ለመቀጠል ቃል ገብተዋል። ሲሚንቶ ላይ ግን ይህ መንገድ ያጥራል፦ ከፋብሪካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከማገዶው ሳይሆን ከሚቃጠለው የኖራ ድንጋይ ከራሱ ነው። ምድጃው ምንም ቢሻሻል ያንን አያስቀረውም፤ ለዚህም ተመራማሪዎች የክሊንከሩን (የኖራ ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ የሚወጣው የሲሚንቶ ዋና ግብዓት) ከፊል ድርሻ በተቃጠለ ሸክላ አፈር እየተኩ ነው።