የአሮጌ ሲቢ ቢም አንቴና ማጣጣሚያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲቢ እየተባለ የሚጠራው፣ ግለሰቦች በአጭር ርቀት የሚነጋገሩበት ሬዲዮ 40 ቻናሎቹን ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋ ኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይዟል። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በጃፓናውያኑ በያጊ እና በኡዳ ስም የሚታወቀው፣ ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስበው ቢም አንቴና ለዚህ ሞገድ ሲሠራ እያንዳንዱ ዘንግ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሦስት ዘንግ ያለው ዓይነት ኬብሉ በሚገናኝበት ነጥብ ላይ የሚኖረው ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ኦም ሲሆን፣ ኬብሉ ግን 50 ኦም ነው። ይህን ልዩነት የሚያስተካክለው ክፍል ማጣጣሚያው ነው፤ አንቴናው ሲያረጅ ቀድሞ የሚጎዳውም እርሱ ነው። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ አሮጌ አንቴና ለመስቀል የሚነሣ ሰው ብዙ ምክር ይሰማል፤ ከሚሰማውም ውስጥ ከፊሉ ስሕተት ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፣ በሬዲዮ ለማሰራጨት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ይታወስ።

«ቆጣሪው 1 ለ 1 ካሳየ አንቴናው ጤነኛ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክነው እምነት ይህ ነው። በሬዲዮውና በኬብሉ መካከል የሚገባው የኤስ ደብሊው አር ቆጣሪ (1 ለ 1 ማለት ምንም የተመለሰ ኃይል የለም ማለት ነው) የሚናገረው ከሄደው ኃይል ምን ያህሉ ወደ ቆጣሪው እንደተመለሰ ብቻ ነው። ያልተመለሰው ኃይል ወደ አየር ይውጣ ወይም በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቅር አይለይም። በኬብሉ ጫፍ ላይ በአንቴናው ፋንታ የ50 ኦም መሞከሪያ ሬዚስተር ቢታሰር ቆጣሪው 1 ለ 1 ያሳያል፤ ነገር ግን ከዚያ ሬዚስተር ለመግባባት የሚበቃ ሞገድ አይወጣም።

አሮጌ ኬብልም ልክ እንደዚሁ ያሳስታል። አዲስ የሆነ ቀጭኑ አርጂ 58 እንኳ በ30 ሜትር ርዝመት ላይ በዚህ ሞገድ ከ2 ዴሲቤል (የኃይል መጨመርና መቀነስ መለኪያ) በላይ ሊያጠፋ ይችላል። ውኃ ከገባበት ደግሞ ብክነቱ ይብሳል። ኬብሉ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ግማሹን ኃይል፣ የሚያጠፋ ከሆነ፣ አንቴናው ላይ 2 ለ 1 የሆነው ልክ ሬዲዮው ዘንድ ሲደርስ 1.4 ሆኖ ይነበባል። ባለቤቱም አንቴናዬ ተሻሻለ ብሎ ይደሰታል፤ የተሻሻለ ነገር ግን የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ የክረምቱ ዝናብና ጉም ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ በናስትሮ በሚገባ ያልተጠቀለለ ኮኔክተር ውኃ ማስገባቱ አይቀርም፤ የገባው ውኃም በኬብሉ ጥልፍ ሽቦ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል።

ኬብሉን መመርመር ቀላል ነው። የላይኛው ጫፍ ከአንቴናው ተፈትቶ ክፍት ይተውና ከታች በአንቴና አናላይዘር፣ ማለትም በራሱ አነስተኛ ኃይል ኤስ ደብሊው አርን በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካ፤ ሬዲዮውን ግን በዚህ ሁኔታ ማሰራጨት ሊያቃጥለው ስለሚችል አይሞከርም። ጤነኛና አጭር ኬብል በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ንባቡ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኬብሉ ቢያንስ ግማሹን ኃይል እየዋጠ ነውና፣ ማጣጣሚያውን ከመነካካት በፊት ኬብሉ ይቀየር። ከዚያ በኋላም ቢሆን አስተማማኙ ልኬት የሚገኘው አናላይዘሩ በአጭር ኬብል እዚያው ማጣጣሚያው አጠገብ ሲታሰር ነው።

«ቴስተሩ ሾርት ካሳየ አንቴናው ተቃጥሏል»

መልሱ እንደ ማጣጣሚያው ዓይነት ይለያያል። ጋማ ማች በተባለው ዓይነት፣ ኬብሉ የሚታሰርበት መካከለኛው ዘንግ በመሃሉ ሳይቆረጥ ከተሸካሚው ቱቦ ጋር ይታሰራል፤ የኬብሉ ውጫዊ ሽቦም ከዚያው ቱቦ ጋር ይገናኛል። የኬብሉ መሃል ሽቦ ደግሞ በካፓሲተር በኩል፣ ከመካከለኛው ዘንግ ጎን ለጎን ወደሚሄደው አጭር የጋማ ዘንግ ይሄዳል። መካከለኛው ዘንግ ቱቦውን መንካቱ ስሕተት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ካፓሲተሩ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ በመሃል ሽቦውና በውጫዊው ሽቦ መካከል ቴስተሩ ክፍት ማሳየት አለበት። ሾርት ካሳየ በእርግጥም የካፓሲተሩ ማገጃ ፕላስቲክ ተሰንጥቋል ወይም ውኃና ቆሻሻ ገብቶበታል። የፀጉር መቆንጠጫ ቅርጽ ያለው የቤታ ማች ዓይነት ግን በተቃራኒው ነው፤ ጥምዝ ሽቦው ሁለቱን የመካከለኛ ዘንግ ግማሾች ስለሚያገናኝ ቴስተር ሁልጊዜ ሾርት ያሳያል፤ ይህም ትክክል ነው። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ደህና አንቴና ለብረት ገዢ ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል።

የተበላሸ የጋማ ካፓሲተር በእጅ ይታደሳል። ከወፍራሙ አርጂ 213 ኬብል ላይ ውጫዊው ሽፋንና ጥልፍ ሽቦው ተገፍፎ፣ መሃል ሽቦው ከነነጭ ፕላስቲኩ በልኩ በሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ውስጥ ሲገባ ካፓሲተር ይሆናል። ፕላስቲኩ ቱቦውን በደንብ ከሞላ በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ገደማ ይገኛል። ለ27 ሜጋ ኸርዝ ጋማ የሚያስፈልገው በተለምዶ ከ50 እስከ 80 ፒኮ ፋራድ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ቁራጭ ይበቃል። ለማስተካከል ሽቦው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ሲጨረስ ጫፉ ውኃ እንዳያስገባ ይታሸጋል።

መገጣጠሚያዎቹም ቸል መባል የለባቸውም። አልሙኒየም አየር ሲነካው በላዩ የሚፈጥረው ስስ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ የሚመስል ቱቦ እንኳ ተፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መወልወል፣ ወዲያውም ለአልሙኒየም መገጣጠሚያ የተሠራውን ቅባት መቀባት ይኖርበታል። መዳብ በቀጥታ በአልሙኒየም ላይ መታሰር የለበትም፤ እርጥበት ባለበት ሁለቱ ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ሮንዴላ ይገባል። በእኔ እምነት፣ ንባቡ በየጊዜው የሚዋልል አሮጌ አንቴና ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ማጣጣሚያ ሳይሆን ይህን ጽዳት ነው።

«ንባቡን ለማውረድ የፊትና የኋላ ዘንጎችን ማሳጠር ይቻላል»

ንባቡ ሊወርድ ይችላል፤ አንቴናው ግን ቢም መሆኑ ያከትማል። ሞገዱን ወደ ፊት የሚሰበስቡት የኋላው አንጸባራቂና የፊቱ መሪ ዘንግ ናቸው፤ ይህንንም የሚያደርጉት በርዝመታቸውና በመካከላቸው ባለው ርቀት ነው። ኬብሉ የታሰረበት መካከለኛ ዘንግ በርዝመቱ ጥቂት ቢለዋወጥ የአንቴናው አቅጣጫ ብዙም አይነካም። ስለሆነም የአምራቹ ልክ ለሁለቱ ዘንጎች ይጠበቅ፤ ማስተካከያው ሁሉ በመካከለኛው ዘንግና በማጣጣሚያው ላይ ብቻ ይደረግ።

በጋማ ላይ የሚነኩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጋማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ እና ካፓሲተሩ። ማሰሪያው ከመሃል መራቁ ወይም መቅረቡ በዋናነት ኬብሉ በሚገናኝበት ነጥብ የሚታየውን ኦም ይወስናል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ጋማው የሚያመጣውን ኢንዳክታንስ (የሽቦ ጥምጥም ዓይነት ተቃውሞ) ያጠፋል። አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚዛነፍ፣ ሁለቱን በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ማስተካከያው በመካከለኛው ክልል፣ ለምሳሌ በቻናል 19 ማለትም በ27.185 ሜጋ ኸርዝ፣ ይደረግና ከዚያ ቻናል 1 እና ቻናል 40 ይፈተሹ።

«ኬብሉ በትክክል 5.5 ሜትር መሆን አለበት»

5.5 ሜትር በአየር ላይ የዚህ ሞገድ ግማሽ ርዝመት ነው። ፕላስቲክ በሞላበት አርጂ 58 ውስጥ ግን ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት 66 በመቶ ገደማ ስለሚጓዝ፣ ግማሽ ሞገዱ 3.6 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እምነቱ በራሱ ስሌት እንኳ አይቆምም። ዋናው ነጥብ ግን፣ የኬብል ርዝመት በኬብሉ ላይ ያለውን ኤስ ደብሊው አር በብክነቱ ልክ ከሚቀንሰው በቀር አለመለወጡ ነው። ኬብል ሲቆረጥ ንባቡ በግልጽ የሚዘል ከሆነ፣ የኬብሉ ውጫዊ ሽቦ ራሱ የአንቴናው አካል ሆኖ እያሰራጨ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ መቁረጥ ሳይሆን፣ ማጣጣሚያው አጠገብ ኬብሉን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ላይ ከ5 እስከ 8 ዙር ጎን ለጎን መጠምጠም ነው።

«ከሬዲዮው አጠገብ ማስተካከያ ሳጥን ከገባ ችግሩ ተፈታ»

ሳጥኑ ሬዲዮውን ይጠብቃል፤ ከሳጥኑ እስከ አንቴናው ባለው ኬብል ላይ ያለው አለመጣጣምና ብክነት ግን ባለበት ይቆያል።

«መሬት ላይ አስተካክሎ መስቀል ይበቃል»

መሬትም ሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ በቅርብ ሲኖር የአንቴናውን ኢምፔዳንስ ይለውጣል። ቆርቆሮ በበዛበት የደሴ ሰፈር መሬት ላይ የተገኘው 1.1 ምሰሶው ላይ 2 ሊሆን ይችላል። የሚመከረው ለመጀመሪያ ማስተካከያ አንቴናውን አንጸባራቂው ወደ መሬት፣ መሪው ወደ ሰማይ እንዲያይ አቁሞ መለካት፣ ከዚያም ከጣሪያው ቢያንስ 5.5 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በኋላ እንደገና ማረጋገጥ ነው። የመብራት መስመር ባለፈበት አካባቢ ግን 5 ሜትር ዘንግ ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣት ሕይወት ያስከፍላል፤ ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ላይ የማይደርስበት ቦታ መመረጥ አለበት።

«ፍጹም ከተጣጣመ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ይሰማል»

1.5 ለ 1 ማለት 4 በመቶው ኃይል ተመለሰ ማለት ነው፤ 2 ለ 1 ደግሞ 11 በመቶ። በ4 ዋት ሬዲዮ ላይ 1.5ን ወደ 1.0 ማውረድ ቢበዛ 0.16 ዋት ያስገኛል፤ ይህን የሚለይ ጆሮ የለም። ከ1.5 በታች ከወረደ በኋላ ለቀሪዋ ነጥብ ቀኑን ሙሉ መድከም አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው ተራራማ መሬት ሲጋርድ ማጣጣሚያ ሊያልፈው አይችልም። ያ የተረፈ ቀን ምሰሶውን ከፍ ለማድረግ፣ አንቴናውን ከሸንተረሩ ገላጣ ጎን ለመትከል፣ የሁለቱንም ጣቢያዎች ዘንጎች በአንድ ዓይነት አቋም፣ ሁለቱንም ቁም ወይም ሁለቱንም አግድም፣ ለማድረግ ቢውል የሚገኘው ለውጥ በዴሲቤሎች ይቆጠራል።