ዳይቨርዥን ሬት ምንድን ነው? (ቆሻሻ ቀነሰ ማለት አይደለም!)

ሰሞኑን አንድ የተማሪዎች ክበብ «ዳይቨርዥን ሬታችን 60 ፐርሰንት ገባ» ብሎ ፖስተር ለጠፈ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ደስ ይላል። ኮሜንት ላይ ግን አንዱ «በቃ ካምፓሱ ቆሻሻውን በ60 ፐርሰንት ቀነሰ ማለት ነው» ይላል፣ ስንት ሰው ደግሞ ላይክ አድርጎለታል። ኧረ አይደለም ወንድሜ! ይቺን ነገር ስንቴ አይቼ አልፌያታለሁ፣ ዛሬስ አላልፋትም።

ዳይቨርዥን ሬት ማለት ከግቢው ከሚወጣው ጠቅላላ ቆሻሻ ውስጥ ወደ መጣያ ቦታ ወይ ማቃጠያ ሳይሄድ ወደ ሪሳይክል፣ ወደ ኮምፖስት (በስብሶ ማዳበሪያ ወደሚሆንበት) ምናምን የዞረው ድርሻ ነው። ድርሻ! ላዕልና ታህት አለው። ሰው ሁሉ ላዕሉን እያየ ያጨበጭባል፣ ታህቱ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አስቡ። ከስር ባልዲ ታስቀምጣላችሁ። ዳይቨርዥን ሬት የሚነግራችሁ ከሚፈሰው ውሃ ስንቱ ባልዲ ውስጥ እንደገባ ነው፣ አለቀ፣ ስለ ጣሪያው ምንም አያወራም። ባልዲ ስትጨምሩ ቁጥሩ ይወጣል፣ ቀዳዳው ግን እየሰፋም ሊሆን ይችላል። የሚያስቀው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ልክ ከባልዲው በላይ ያለውን ቀዳዳ ከደፈናችሁት ቁጥሩ ይወርዳል!

በሳምንት 100 ኪሎ ይወጣል እንበል፣ 40ው ሪሳይክል ይሆናል፣ 40 ፐርሰንት ማለት ነው። ከዛ ተማሪዎቹ ታግለው የውሃ መሙያ አስተከሉና ሪሳይክል ይደረግ የነበረ 20 ኪሎ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጭራሽ ቀረ። አሁን ጠቅላላው 80፣ ሪሳይክል የሚሆነው 20፣ 25 ፐርሰንት! ወደ መጣያ የሚሄደው ያው 60 ኪሎ ነው፣ ግን 20 ኪሎ ጠርሙስ አልተመረተም፣ አልተጫነም፣ አልተለየም። ከ40 ወደ 25 ወረዳችሁ ተብለው የተወቀሱ ልጆች በአይኔ አይቻለሁ። በሠሩት ጥሩ ሥራ!

«ታዲያ ዜሮ ዌስት (ምንም ቆሻሻ እንዳይጣል የሚለው ግብ) 90 ፐርሰንት ዳይቨርዥን አይደል እንዴ?» የሚል ይመጣል። አዎ፣ የዜሮ ዌስት ዓለም አቀፍ ጥምረት 90 ፐርሰንትን መለኪያ አድርጎታል፣ ግን ያው ጥምረት በደረጃ ሲያስቀምጥ መቀነስና ደጋግሞ መጠቀም ከላይ ናቸው፣ ሪሳይክል ከነሱ በታች ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የጀመሩት ሪሳይክልማኒያ ይባል የነበረው የካምፓሶች ውድድር እንኳ በኋላ ላይ በሰው ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ ብሎ የሚያወዳድር ዘርፍ ነበረው። እና ነገሩ ሚስጥር አይደለም።

ኪሎ ካልን አይቀር፣ ኪሎም ያታልላል። የምግብ ትራፊ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ስለዚህ ካፌው ኮምፖስት የጀመረ ቀን ሬቱ ይዘላል፣ ፌስታል ግን ክምር ሙሉ ሆኖም ሚዛን አይነቀንቅም። ደሞ እባካችሁ በፈተና ሳምንት ኦዲት (ቆሻሻውን ዘርግፎ መለየትና መመዘን) አትሥሩ፣ የዛ ሳምንት ቆሻሻ የዓመቱን አይመስልም፣ አንድ ቀን መዝኖ ዓመቱን መገመትም እንደዛው።

የት መዘናችሁ የሚለውም አለ። አንዴ ሸራ ዘርግተን ጓንት አድርገን ከሪሳይክል በርሜል የወጣ ከረጢት ስንዘረግፍ ግማሽ ድረስ ጁስ ያለበት ጠርሙስ ክዳኑ ለቆ ወረቀቱን በሙሉ አጥቦታል፣ እጅ ላይ እየተቦጨቀ የሚቀር ሆኗል። ያንን ወረቀት መለያ ጣቢያ ላይ ማንም አይቀበለውም፣ እዛ ሲደርስ መጣያ ነው የሚገባው። በርሜሉ ጋ የተመዘነው ግን ሪሳይክል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከነጁሱ።

እስቲ ፖስተሩ ላይ ከ60ው ጎን ጠቅላላ ኪሎውን ጻፉልኝ፣ ለተማሪው ቁጥር አካፍላችሁ፣ የአምናውንም ጨምራችሁ። ያኔ እኔም ላይክ አደርጋለሁ።